ከቆርቆሮው ማዶ የከረመው ቅል

«ይሄ ሐረግ እንደሆነ ደርቋል፤ ከሰዓት አብሮ ይንደድ» የሚል የፀደይ ድምፅ ቆርቆሮውን ዘልቆ ሲመጣ ገላነሽ የላሟን ጡት እንደጨበጠች እጇ ቀጥ አለ። ፀደይ የታናሽ ወንድሟ የማረው ሚስት ናት፤ ከአጥሩ ማዶ የራሷን ግቢ እየጠረገች ነው። የሚገርም ነገር አልተናገረችም። ዕለቱ ኅዳር ሚካኤል ነው፤ ወረታ ከጫፍ እስከ ጫፍ ደጁንና ጓሮውን ጠራርጎ፣ ዓመት ሙሉ ያከማቸውን ግሳንግስ የሚያጤስበት ቀን ነው። ያረጀ ሰሌን፣ የበቆሎ አገዳ፣ የሩዝ ገለባ፣ የተቀደደ ጆንያ፣ ሁሉም አንድ ላይ ይከመርና ይነዳል፤ በሽታውም አብሮ ይነዳል ይባላል። ገላነሽም ብትሆን የራሷን ክምር ትናንት አዘጋጅታ ነው ያደረችው። ነገር ግን ያ ሐረግ ቅጠሉ ደረቀ እንጂ አልሞተም። ጫፉ ላይ አንድ ቅል ተሸክሟል፤ ቅሉ ደግሞ ገና ነው። ወር ይቀረዋል፤ ምናልባትም ከወር በላይ። ላሟ እጇ ሲቆምባት ጊዜ ዞር ብላ ምን ሆነሽ ነው በሚል ዓይን አየቻት፤ ገላነሽ ግን ልቧ እዚያ አልነበረም።

ቅሉን የዘራችው በራሷ ጓሮ፣ በበረቱ ጥግ፣ ፍግ በጠገበው አፈር ላይ ነው። ሐረግ ግን እንደ ሰው አኩራፊ አይደለም። ሐምሌ ላይ ተንጠራርቶ የአጥሩን ቆርቆሮ ጨበጠ፤ ነሐሴ ላይ ከአናቱ ወጥቶ ወዲያም ወዲህም አየ፤ ከዚያ የማረው ግቢ ፀሐይ በልጦበት ነው መሰለኝ ጠቅልሎ ወደዚያው ገባ። በእሷ ወገን ያበበው ሁሉ ወይ ረገፈ፣ ወይ በረዶ መታው፣ የቀረውንም ጥጃዋ በላችው። በማዶ ግን አንድ ያዘ። ይህንንም ያወቀችው በምስማር ቀዳዳ ነው። ቆርቆሮው ድሮ የቤት ክዳን የነበረ አሮጌ ስለሆነ ወንፊት ነው፤ ከቀዳዳዎቹ አንዱ ልክ ቅሉ ከተንጠለጠለበት ፊት ለፊት ይውላል። ጠዋት ጠዋት አልባ ስትጨርስ ዓይኗን እዚያ ላይ ታስጠጋለች። የምታየው ከእጅ መዳፍ የማይበልጥ ቁራጭ ብቻ ነው። መስከረም ላይ አረንጓዴ ሆኖ ሕፃን አናት ላይ እንዳለ ፀጉር ለስላሳ ጸጉር ነበረው፤ ጥቅምት ላይ ጸጉሩ ረገፈና ወዝ አወጣ፤ አሁን ደግሞ ነጣ ነጣ ማለት ጀምሯል። ሙሉውን አንድ ቀን አይታው አታውቅም። አንገቱን፣ ሆዱን፣ የወገቡን ጠባብ ሁሉ በሐሳቧ ነው የሠራችው፤ እንቅልፍ ሲያሸልባት ደግሞ ታቅፈዋለች።

ለአንድ ቅል ይህን ያህል ምን አንገበገባት የሚል አይጠፋም። የእናቷ የመግፊያ ቅል ባለፈው ፋሲካ ማግስት እጇ ላይ ተሰነጠቀ። እናቷ ከይፋግ ወገን ስትዳር ይዛው የመጣችው ዘር ነው፤ ቆዳው ወፍራም፣ ወይራ ሲታጠን ጢሱን ውጦ የሚከርም፣ ቅቤው ገና ሳይነጠር ቤቱን በመዓዛ የሚሞላ። ገላነሽ የምትተዳደረው በዚያች ላሟ ቅቤና አይብ ነው። ቅሉ ከተሰነጠቀ ወዲህ በጀሪካን ነው የምትገፋው፤ ቅቤው ኪሎው ሺህ ብርን ተሻግሮም ሰው ይገዛታል፤ ግን እያሸተተ፣ ከንፈሩን እያጣመመ፣ «ያ የድሮው የለሽም?» እያለ ይገዛታል። ከአሮጌው ቅል ፍሬ የተረፈው በጨርቅ ተቋጥሮ ጭስ ማውጫው ሥር ተሰቅሎ የነበረው እፍኝ የማይሞላ ነገር ነበር፤ ግማሹን ነቀዝ ፈጀው። የቀረውን እናቷ ታደርገው እንደነበረው በጥገት ወተት አሳደረችው፤ እናቷ ታደርገው እንደነበረውም ቁጭ ብላ ዘራችው። ቅል ቆሞ የዘራ ሰው አንገቱ ብቻ ይረዝምበታል፣ ተቀምጦ የዘራ ግን ሆዱ ይሰፋለታል ትል ነበር እናቷ። ገላነሽም ያንን የሚያማትን ጉልበቷን አጥፋ በሰኔ ጭቃ ላይ ዝርፍጥ አለች፤ ጎረቤት አይቷት ቢሆን አበደች ይል ነበር። ከዚያ ሁሉ አንድ ሐረግ ጸደቀ፤ ከሐረጉ አንድ ቅል ያዘ። ቅል ደግሞ እንደ ዱባ አይደለም፤ እሸቱን ከቆረጡት ውስጡ ውሃ ነው፣ ይሟሽሻል፣ ይሸታል፣ ፍሬውም ቢዘራ አይበቅልም። እንግዲህ ዛሬ ከሰዓት ያ ሐረግ ከተነቀለ የእናቷ ቅል ዘሩ ከምድር ጠፋ ማለት ነው።

ታዲያ በቆርቆሮው አናት ላይ «ፀደይ፣ እባክሽ እሱን ተይልኝ» ማለት ምን ነበረበት? አይ ገላነሽ። ሦስት ዓመት ሙሉ በዚያ ቆርቆሮ ላይ አንድ ቃል አልተሻገረም፤ ከሐረጉ በቀር። እናታቸው ስትሞት ግቢውን ለሁለት መክፈሉ ላይስ ተስማምተው ነበር። እሷ ጉልበቷ እንዲሻላት ወንዛዬ ፍል ውሃ ወርዳ ሰንብታ ስትመለስ ግን አጥሩ ቆሞ ጠበቃት። የት ይለፍ፣ መቼ ይቁም ብሎ የጠየቃት የለም። እናቷ ጠዋት ጠዋት ፀሐይ የምትሞቅበት ቦታ በማዶ ቀረ፤ የገላነሽ በርም ወደ ኋለኛው ቅያስ ዞረ። አልተሰዳደቡም፣ ፍርድ ቤት አልሄዱም፤ ዝም ብቻ ተባባሉ። በመንገድ ሲገናኙ እሱ ባጃጅ የሚፈልግ ይመስል ወዲያ ይመለከታል፣ እሷ ነጠላዋን ታስተካክላለች። አሁን ሦስት ዓመት የታፈነ አፍ ተከፍቶ መጀመሪያ የሚወጣው ቃል «ቅሌን» ይሁን? ሞቷን መረጠች። ወተቱን ሸፈነች፣ ፊቷን ታጠበች፣ ነጭ ነጠላዋን ለበሰችና ወደ ቤተ ክርስቲያን ወጣች።

ጉሙ ከፎገራ ሜዳ ላይ ገና አልተነሳም ነበር። አስፋልቱ ላይ ሩዝ የጫኑ መኪናዎች መብራታቸውን እንዳበሩ ከጉሙ ውስጥ ብቅ ይሉና ተመልሰው ይጠፋሉ፤ ነጭ የለበሱ ምዕመናንም እግር የሌላቸው ይመስል በመንገዱ ዳር እየተንሳፈፉ ይሄዳሉ። የታጨደው ሩዝ ሽታ ከሜዳው እስከ ከተማው መሐል ገብቷል። ገላነሽ እየሄደች በልቧ ቅሉን ይዛው ነው የምትሄደው። ቅዳሴው እስኪያልቅም አልለቀቀችውም፤ ሚካኤልን የለመነችው ለነፍሷ ይሁን ለቅሏ እሱ ይወቀው። ቄስ ደሴ ልብሰ ተክህኗቸውን አውልቀው ሲወጡ ዛፉ ሥር ጠብቃ መስቀል ተሳለመች። የእሷም የማረውም የንስሐ አባት እሳቸው ናቸው።

«አባቴ፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎ ነበር።»

«ተናገሪ ልጄ።»

«ማረው ዘንድ ይሂዱልኝ። ዛሬውኑ፣ ከሰዓት ሳይደርስ።»

የቄስ ደሴ ፊት በራ። ሦስት ዓመት ሁለቱንም ታረቁ እያሉ ለምነው ደክሟቸዋል፤ ጾም ሲገባ፣ ጾም ሲፈታ፣ ለተዝካር፣ ለክርስትና፣ አጋጣሚ ያገኙ በመሰላቸው ቁጥር ያነሱትና አንዱ «እሷ ትምጣ» ሲላቸው፣ አንዷ «እሱ ይምጣ» ትላቸዋለች። «ተመስገን» አሉ ወደ ሰማይ አንጋጠው። ገላነሽ ነገሩ ወዴት እየሄደ እንደሆነ ገባትና እጃቸውን ያዘች።

«ስለ ቅሉ ነው አባቴ።»

«ስለ ምኑ?»

«ስለ ቅሉ። በእነሱ ወገን አንድ ቅል አለኝ። ሐረጉን ዛሬ ሊያነዱት ነው፤ ገና ስለሆነ እንዳይነኩብኝ ይንገሩልኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

ቄስ ደሴ ጭራቸውን ወዲያ ወዲህ አወናጨፉ። «ገብቶኛል» አሉ። ሰው ገብቶኛል ሲል ብዙ ጊዜ የገባው ሌላ ነገር ነው፤ ገላነሽ ግን ያን ቀን ይህን የምታስብበት ልብ አልነበራትም። አመስግና ወደ ቤቷ ገሰገሰች።

ቤቷ ደርሳ ሥራ መሥራት አልቻለችም። በርጩማዋን ወስዳ ቆርቆሮው ሥር አስጠግታ ተቀመጠች። ፀሐዩ ጉሙን በልቶ ቆርቆሮውን አሞቀው፤ ጀርባዋን አስደግፋ ስታዳምጥ የማዶው ኑሮ በሙሉ ጆሮዋ ውስጥ ገባ። የመጥረጊያ ድምፅ፣ የዶሮ ጫጫታ፣ የፀደይ ስልክ። ከዚያ የቄስ ደሴ ሳል። «ይግቡ አባ፣ እንኳን አደረሰዎ፣ ወደ ውስጥ ይለፉ» አለች ፀደይ። ወንበር ተሳበ፣ ብርጭቆ ተንቃጨለ፣ በሩ ተዘጋ። ከበሩ ወዲህ የሚመጣው ጉምጉምታ ብቻ ሆነ፤ የማረው ወፍራም ድምፅ አልፎ አልፎ ይሰማል፤ ቃሉ ግን አይለይም። ሦስት ዓመት ሙሉ በዚያ ድምፅ ላይ ስትናደድ የኖረች ሴት፣ እንዲህ ከሩቅ ቃል አልባ ሆኖ ሲመጣላት፣ የልጅነቱን ድምፅ አስታወሳት። ዓይኗን ጨፈነች።

በየጓሮው ጢስ መነሳት ጀምሯል። እንቅልፍ ይሁን ሐሳብ አላወቀችውም፤ ክረምት ሆኖ ታያት። ውሃው ከጣና ወገን ተነስቶ ሜዳውን አጥለቅልቆታል፤ ላሞቹ እስከ ሆዳቸው ውሃ ውስጥ ቆመው ያመሰኳሉ። አጥር የሚባል ነገር የለም። ሐረጉ ከበረቷ ጥግ ተነስቶ በውሃው ላይ ተዘርግቶ ዓይን እስከሚያይ ሄዷል፤ ቅሎቹም በየቦታው ነጭ ነጭ እያሉ ይንሳፈፋሉ። እናቷ በመሐሉ ቁጭ ብላለች፤ ውሃ ላይ እንዴት ተቀመጠች ብላ አልጠየቀችም። አንዱን ቅል ጭኗ ላይ አድርጋ ትገፋለች፤ ቦጭ፣ ቦጭ፣ ቦጭ ይላል። «እማ፣ ደርሷል እንዴ?» አለቻት ገላነሽ። እናቷ ጆሮዋን ቅሉ ላይ አስጠግታ አዳመጠችና የሆነ ነገር ልትናገር አፏን ከፈተች። በዚህ መሐል በር ተንኳኳ።

ቄስ ደሴ ናቸው። ፊታቸው በጠላውም በደስታውም ቀልቷል። ወንበሩን ሳይጠብቁ መደቡ ላይ ቁጭ አሉና መስቀላቸውን ጉልበታቸው ላይ አሳረፉ።

«እልል በይ ልጄ። እሺ ብሏል።»

ገላነሽ ደረቷ ላይ የተከመረ ነገር ተነሳላት። «ተመስገን። ሐረጉን ሊተውልኝ ነው?»

«የምን ሐረግ?»

«ቅሉን ነዋ አባቴ።»

ቄስ ደሴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ጣራውን አዩ፣ መሬቱን አዩ። «እንግዲህ» አሉ፣ «ተቀመጥኩ፣ ጸሎት አደረስኩ። እሱ ገና ሲያየኝ ከእህቴ ተልከው ነው አለኝ፤ አዎ አልኩት። ዓይኑ እንባ ሞላ። እንዲህ የሆነ ሰው ፊት መስቀል ይዤ እንዴት ብዬ ስለ ቅል ላውራ? ስለ ፍቅር ተናገርኩ፣ ስለ እናታችሁ ተናገርኩ። ሽማግሌ ሳይቆም፣ ቀን ሳይቀጠር፣ ዛሬውኑ እሄዳለሁ አለኝ። ከዚህ በላይ ምን ትፈልጊያለሽ?»

ምን እንደምትፈልግማ ታውቃለች። ተነስታ ወደ ጓሮ ወጣች። ከማዶ እሳት ይንጣጣል፤ ጢሱ ቆርቆሮውን ተሻግሮ በረቷ ላይ ተኝቷል። በአጥሩ አናት ላይ የነበረው ሐረግ የለም። በእሷ ወገን የቀረው ጉቶ ተቆርጦ እንደ ገመድ ተንጠልጥሏል። ዓይኗን ቀዳዳው ላይ አደረገች። ቅሉ የነበረበት ቦታ ላይ ጢስ ብቻ ነበር፤ ጢሱ ገለጥ ሲል ደግሞ የማረው ቤት ግድግዳ፣ ኖራ የተቀባ ባዶ ግድግዳ። ገላነሽ ቆማ አየችው። መጀመሪያ የመጣባት ልቅሶ ነበር፤ ከልቅሶው ሥር ግን ሌላ ነገር ተነሳ። ሦስት ዓመት ያልተናገረችው ሁሉ፣ ስለ አጥሩ፣ ስለ በሩ፣ ስለ እናቷ ፀሐይ መሞቂያ፣ ተሰልፎ ጉሮሮዋ ላይ መጣ። እታረቃለሁ እያለ ቤቴን የሚያነድ ሰው ይኖራል ወይ እለዋለሁ አለች በልቧ። አንተ እናትህን ሁለት ጊዜ ቀበርካት እለዋለሁ አለች። ነጠላዋን አገለደመችና ቄስ ደሴ «ወዴት ነው ልጄ?» እያሏት የቅያሱን በር በኃይል ከፈተችው።

ማረው በሩ ላይ ቆሟል። እጁን ለማንኳኳት እንዳነሳ ነው የተገናኙት። በሌላኛው ክንዱ በነጭ ጋቢ የተጠቀለለ ነገር አቅፏል፤ ጫማውን ሳያስር ነው የመጣው፤ ፊቱና ቅንድቡ ጥላሸት ለብሷል።

«እትዬ» አላት። ከዚያ በኋላ ሊናገር ያሰበው ሁሉ ጠፋበት መሰለኝ ጋቢውን ገለጠው።

ቅሉ ነበር። ገላነሽ ሙሉውን ስታየው የመጀመሪያዋ ነው። በሐሳቧ ከሠራችው ያምራል። አንገቱ አጭርና ቀጥ ያለ፣ ሆዱ ሰፊ፣ አንድ ጠባሳ የለበት።

«ባዶ እጄን መምጣት አፈርኩ» አለ ማረው። «ምን ልያዝ ብል ያንቺ የሆነ ነገር እኔ ዘንድ ይሄ ብቻ ነው። ፀደይ ከክምሩ ጋር ልታነደው ነበር፤ ሮጬ ደርሼ ቆረጥኩት። እጄን እንኳ ለበለበኝ።» ቅሉን እንደ ሕፃን አሳልፎ ክንዷ ላይ አስቀመጠላት።

ከባድ ነበር። የደረሰ ቅል ቀላል ነው፤ ይህ ግን ውሃ እንደ ሞላ እንስራ ከብዶ ክንዷን ወደ ታች ሳበው። የተቆረጠበት እግሩ ለምለም ነው፤ ውሃው እያቆረ ጣቷ ላይ ተንጠባጠበ። ከዚህ በላይ ምልክት አያስፈልጋትም። ማረው የመግፊያ ቅል እጁ ነክቶት አያውቅም፤ የሴት ነው እየተባለ ያደገ ሰው ነው፤ ቅጠሉ ሲደርቅ ሁሉ ነገር ደረሰ ብሎ ያስባል። ጉሮሮዋ ላይ ተሰልፎ የነበረው ነገር አሁንም እዚያው ነው። አንዲት ቃል ትበቃው ነበር። ቀና ብላ አየችው። ጠጉሩ ገብሷል፤ መቼ ገበሰ? በመንገድ ሲያልፍ ቀና ብላ አይታው አታውቅም ነበር። እሷን ይጠብቃል።

«ደርሷል አይደል?» አላት።

«ደርሷል» አለችው ገላነሽ። «ግባ፤ በር ላይ አትቁም።»

ገባ። ቄስ ደሴ ብድግ ብለው ሁለቱንም በመስቀል ባረኩና ቅሉን ሲያዩ በሳቅ ፈነዱ። «ይኸው፤ ሳልናገር ቅሉም በራሱ ጊዜ መጣልሽ» አሉ፤ ሥራው የእሳቸው በመሆኑ ጥርጥር አልነበራቸውም። እሷም ሳቀች። ደስ ብሏት ነው የሳቀችው፤ ልቧም የተሰበረው በዚያው ቅጽበት ነው፤ ሁለቱ በአንድ ሆድ እንዴት እንደሚቀመጡ ያን ቀን አወቀች። እርጎ አቀረበች። ማረው ሁለት እጁን ታጥቦ ተቀበላት፤ ጠጣ፤ ቤቱን ዞር ዞር ብሎ አየ። በጀሪካን የረጋ መሆኑን በጣዕሙ አውቆት ይሆናል። ስለ አጥሩም ማንም ምንም አላለም። ስለ ሩዙ አወሩ፣ ስለ ላሟ አወሩ፣ ዘንድሮ ጉሙ ስለ መብዛቱ አወሩ። ውጭ ጢሱ ከተማውን ሁሉ ሸፍኖት ፀሐዩ የእንቁላል አስኳል መስሎ ወደ ሐይቁ ወገን ይወርድ ነበር።

ሊሄድ ሲነሳ ማረው በሩ ላይ ዘወር አለ።

«እትዬ፣ ከፍሬው ለከርሞ በእኔም ወገን ዝሪልኝ። የእማ ዘር ግቢዬ ላይ ቢኖር ደስ ይለኛል። የሚበቃ ይወጣዋል?»

«ይተርፋል እንጂ» አለችው።

እሱ ከሄደ በኋላ ቄስ ደሴም ተሰናበቱ። ገላነሽ ቅሉን ጭኗ ላይ አድርጋ ብቻዋን ተቀመጠች። ሰኔ ሲገባ ይፋግ ገበያ ትወርዳለች፤ ከማታውቃት ሴት የቅል ፍሬ ትገዛለች፤ በማረው ግቢ ትዘራዋለች፤ የእማ ነው ትለዋለች።